ፍም ላይ ያልፈሰሰው ውሃ

ስደተኛ ሁሉ ታሪኩን የሚጀምረው ከወጣበት ሌሊት ነው። ጨረቃዋ እንዲህ ነበረች፣ ውሻው እንዲህ ጮኸ ይላል። እኔ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ፣ ሐሙስ ቀን፣ ምሳ ተበልቶ ነው። የሐይቅ ከተማ ሰው ግማሹ መናኸሪያው አካባቢ ስለነበር መደበቅ ብፈልግም አይሆንልኝም ነበር። "አስናቀች፣ ወዴት ነው?" ሲሉኝ "ጎንደር፣ ዘመድ ልጠይቅ" እላለሁ። ሻንጣዬን ያያሉ፣ ፊቴን ያያሉ፣ "በሰላም ግቢ" ይሉኛል። ጎንደር ዘመድ እንደሌለኝ የማያውቅ ግን አልነበረም።

መኪናው ሊንቀሳቀስ ሲል ጎረቤታችን እትዬ ፋጡማ ልጇን ዘይነብን አስከትላ መጣች። ዘይነብ ያኔ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና አልሳካ ብሏት ቤት ተቀምጣ ነበር። አብራኝ እንድትሄድ ከሳምንት በፊት ተነጋግረን ጨርሰናል፤ ሆኖም እትዬ ፋጡማ በመጨረሻዋ ደቂቃ ሐሳቧን የምትቀይር መስሎኝ ነበር። አልቀየረችም። የልጇን እጅ ይዛ እጄ ውስጥ አስቀመጠችው።

"አስኑ፣ እኔ ካርቱምን አላውቅም፤ የማውቀው አንቺን ነው። አደራሽ የዱንያም የአኼራም ነው። ካይንሽ እንዳትርቅ።"

"አትርቅም፣ እትዬ" አልኳት፣ ቀላል ነገር እንደተጠየቀ ሰው። አሁን ሳስበው ያኔ ምላሴ ቢቆለፍ ይሻለኝ ነበር።

ለምን እንደወጣሁ ልንገራችሁ። እኔ የግብርና ምርምር ማእከል ውስጥ የላቦራቶሪ ቴክኒሻን ነበርኩ። ሥራሽ ምንድን ነው ሲሉኝ "በትል የተበላ በቆሎ አሸታለሁ" እል ነበር። ሰው ይስቃል። ግን እውነቴን ነው። በቆሎ እግር የለውም፣ ትል ሲመጣበት አይሸሽም፤ ስለዚህ ዝም ብሎ የሚበላ ይመስለናል። ዝም አይልም። ቅጠሉን በመቀስ ብትቆርጡት ብዙም አይደነግጥም። ትል ሲበላው ግን ከምራቁ ይለየዋል። በመቀስ የተቆረጠው ላይ የትል ምራቅ በብሩሽ ስንቀባው፣ ትል እንደበላው ሆኖ ሲነሣ በዐይኔ አይቻለሁ። ከዚያ ወሬው በደቂቃዎች ውስጥ በሰውነቱ ይሮጣል። ጃስሞኒክ አሲድ የሚባል ነገር አለ፤ ላልተነኩት ቅጠሎች "ተሰናዱ" ብሎ የሚነግር እሱ ነው። ቅጠሎቹም የትሉን ሆድ የሚያውክ ነገር ያመርታሉ፤ ትሉ የበላው አይፈጭለትም፣ እየበላ ይራባል። ከተነከሰው ቅጠል ደግሞ ሽታ ይወጣል። ያን ሽታ ተርብ አነፍንፋ ትመጣና ትሉ ሰውነት ውስጥ እንቁላሏን ትጥላለች፤ ልጆቿ ከውስጥ ይበሉታል። አጠገቡ ያለው በቆሎም ሽታው ሲደርሰው ገና ሳይነካ ይዘጋጃል። ይህ ሁሉ ታዲያ በነፃ አይደለም። ሲከላከል የሰነበተ በቆሎ ቁመቱ ያጥራል፣ እሸቱም ትንሽ ነው።

አለቃችን አንድ ነገር ደጋግሞ ይለን ነበር፦ "በቆሎው ለጎረቤቱ አዝኖ እንዳይመስላችሁ። ለገዛ ቅጠሎቹ ሲናገር ጎረቤት ሰምቶት ነው።" እኔ ይህን ንግግር አልወደውም ነበር። በቆሎ ያዝናል ብዬ ስለማምን አይደለም፤ እንዲያው ደስ አይለኝም።

ከዚያ ፕሮጀክቱ አለቀ። ሽታ የሚለካው ማሽን ተበላሸ፣ መለዋወጫው ከውጭ ይመጣል ተብሎ ሁለት ክረምት ጠበቅን፣ በመጨረሻ የመጣው የኮንትራቴ ማቋረጫ ደብዳቤ ነው። "ላበረከቱት ከፍተኛ አስተዋጽኦ እናመሰግናለን፣ አቶ አስናቀ" ይላል። ስድስት ዓመት አብሬያቸው ሠርቼ ሴት መሆኔን እንኳ የመዘገበ አልነበረም። ያን ቀን ነው ለመሄድ የቆረጥኩት።

መተማ ስንደርስ እኔ ፓስፖርትም ቪዛም ነበረኝ፤ ዘይነብ ግን ምንም የላትም። የሚያሻግረን ደላላ፣ "አንቺ በድልድዩ ደረትሽን ነፍተሽ እለፊ፣ ልጅቷን እኔ ማዶ አስረክብሻለሁ" አለኝ። አየሁት። ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ዘይነብን ከእግር እስከ ራሷ ይመለከታታል። "አብሬያት እሄዳለሁ" አልኩት። "ማህተም አይመታልሽም እኮ" አለኝ። "ይቅርብኝ" አልኩ። ደግነቴን እየተረኩላችሁ አይደለም። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ ቂም ሆና ትመጣለች።

የተሻገርነው በቀትር ነው፤ ጠባቂዎቹ በዚያ ሰዓት ጥላ ፍለጋ ይሄዳሉ። ማሽላው ከራሳችን በላይ ነው፣ ቅጠሉ ክንዳችንን ይገዘግዘናል፣ ሙቀቱ ከታች ከመሬት ይመጣል። እኔ ደግሞ አመሌ አልለቅ ብሎኝ አገዳዎቹ ላይ የቆርቁር ትል ቀዳዳ እያየሁ "ይኸኛው ተበልቷል፣ ይኸኛው ደህና ነው" እላለሁ። ዘይነብ እያለከለከች ሳቋን አልቻለችውም። "እትዬ፣ እኛን ሊይዙን ነው፣ አንቺ ማሽላ ታክሚያለሽ!" አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ "የትል ሐኪም" ሆኖ ቀረ። የሳቀችው በፍርሃት መሆኑን የገባኝ ማዶ ገላባት ደርሰን እንኳ እጄን አልለቅ ስትለኝ ነው።

ካርቱም በገባን በሁለተኛው ወር መኖሪያ ፈቃድ፣ እነሱ ኢቃማ የሚሉትን፣ ልጠይቅ ሄድኩ። ከመስኮቱ ጀርባ የተቀመጠው ሰውዬ ሰላምታው አያልቅም። ከይፊክ፣ ኩዋይሳ፣ ተማም፣ ቤተሰብ፣ ጤና። ሱዳን ሲያስሩህም ሲሾሙህም መጀመሪያ ጤናህን ይጠይቃሉ፤ በዚህ ከኛ ሀገር ቢሮዎች ይበልጣሉ ብትሉ እኔም እመሰክራለሁ። ከዚያ ፓስፖርቴን ገለባበጠው።

"ኸትም ማፊ" አለ፤ ማህተም የለም ማለቱ ነው። "የመግቢያ ማህተም ከሌለሽ አልገባሽም።"

"ይኸው ፊትህ ቆሜያለሁ።"

"አያለሁ። በወረቀት ግን አልገባሽም። ላልገባ ሰው ኢቃማ አይሰጥም።"

"እንግዲያስ ወደ ሀገሬ ልውጣ።"

"የመውጫ ማህተም የሚመታው ለገባ ሰው ነው፣ ያ ኡኽቲ፣ እህቴ።"

"ታዲያ የት ነው ያለሁት?"

ሻዩን ፉት አለ። "ይህ ሌላ ቢሮ ነው" አለኝ። ከዚያ ለወጉ ያህል ሥራዬን ጠየቀኝ። ተክሎች በነፍሳት ሲበሉ የሚያወጡትን ሽታ እለካ እንደነበር በተሰባበረ አረብኛ አስረዳሁት። ከልቡ አዳመጠኝ፣ ብዕሩን አነሣ፣ "ሸጋላ" ብሎ ጻፈ። የቤት ሠራተኛ ማለት ነው።

የተከራየነው ማዮ ነው። ማዮ ከከተማው በስተደቡብ፣ መንገዱ አቧራ፣ ኸሪፍ፣ ክረምቱ፣ ሲመጣ ደግሞ ጭቃ ነው፤ ጦርነት ያባረረው ሱዳናዊ ሁሉ እዚያ ተከማችቷል። አከራያችን ዐም ሙሳ፣ አጎት ሙሳ እንደማለት፣ የጭቃ ክፍሉን ሲያሳየን በኩራት ነበር።

"ዐም ሙሳ፣ በሩ የታለ?" አልኩት።

"የምን በር?"

"የክፍሉ።"

"ምን አላችሁና ነው የምትዘጉት?"

"እኛ አለን።"

"ያ ቢቲ፣ ልጄ፣ ፖሊስ ሲመጣ የሚሰብረው በር ነው። በር ከሌለ የሚሰበር የለም። እኔ ከኪሳራ እያዳንኳችሁ ነው።"

ጆንያ ሰቀልንበት። ዘይነብ ማታ ማታ ጆንያውን "አንኳኩታ" ነበር የምትገባው። ምግቡን ግን ለመልመድ ጊዜ ወሰደብኝ። ኪስራ የሚሉትን ስስ የማሽላ ቂጣ መጀመሪያ ሳየው እንጀራ ታሞ የከሳ ነው የመሰለኝ። ዘይነብ በሳምንቷ ለምዳ፣ አረብኛውንም ከኔ ቀድማ አፏን ፈታችበት።

ሻይ መሸጥ ያስተማረችን ኻልቲ ሐዋ ናት፤ ኻልቲ አክስቴ እንደማለት ነው። ሐዋ ከኑባ ተራሮች ተፈናቅላ ማዮ የገባች፣ ልጆቿን በሻይ ያሳደገች ትልቅ ሴት ነች። ሱቅ ዐረቢ በሚባለው ገበያ ውስጥ፣ ሚኒባሶቹ በሚቆሙበት በኩል፣ አንድ ረጅም ግንብ አለ። በግንቡ ጥግ ዘጠኝ ሴቶች በሰልፍ እንቀመጣለን፤ እያንዳንዷ ከሰል ምድጃዋን፣ ካኑን የሚሉትን፣ ፊቷ አድርጋ፣ በዙሪያዋ ደንበኞች የሚቀመጡባቸው ዝቅ ያሉ በርጩማዎች። ሻይ ሻጭ የምትፈራው ነገር አንድ ነው፤ ከሻ። ከሻ ማለት አፈሳ ነው። ነጭ ጭነት መኪና ይመጣል፣ ምድጃ፣ በርጩማ፣ ሴት፣ ሳይመርጥ ይጭናል። ሱዳናዊቷ ተቀጥታ ትመለሳለች። ወረቀት የሌላት ሐበሻ ከገባች ግን እስር ቤት ነው፣ ከዚያ ድንበር ላይ ትጣላለች፣ ወይም የት እንደገባች አይታወቅም። ለዘይነብ ነበር የምፈራው። ለኔም እፈራ ነበር፣ አልዋሽም።

ታዲያ ሴቶቹ አንድ ሥርዓት ነበራቸው። መጮኽ አይቻልም፤ የጮኸችውን መጀመሪያ ይይዟታል፣ ገበያው ደግሞ ሁልጊዜም ይጮኻል፣ ማን ይሰማል? ስለዚህ መኪናውን መጀመሪያ ያየችው ሴት ምንም ሳትል ጆጓን ታነሣና ውሃውን ፍሟ ላይ ታፈሰዋለች። ጭስስ ይላል፣ የረጠበ አመድ ሽታ ይነሣል፣ ነፋሱ ግንቡን ይዞ ያወርደዋል። ሽታው የደረሳት ቀጣይዋም ታፈሳለች፣ ቀጣይዋም እንዲሁ። መኪናው ሰልፉ መሐል ሳይደርስ ታችኞቹ ዕቃቸውን ሰብስበው በቀጭኑ መንገድ ገብተዋል። ያፈሰሰች ያን ቀን ሥራዋ አበቃ፤ ከሰሏ ረጥቧል፣ ምድጃዋም ሊሰነጠቅ ይችላል። በከንቱ ላፈሰሰች ግን ተቆጪ የላትም። ሲስቁባት ይውላሉ፣ በቃ።

ይህን መጀመሪያ ያየሁ ቀን ዕቃዬን ማንሣት ረስቼ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ዘይነብ ናት ጎትታ ያስነሣችኝ። ማታ ማዮ ለኻልቲ ሐዋ ስለ በቆሎው፣ ስለ ሽታው፣ ስለ ተርቧ ነገርኳት፤ ዘይነብ ታስተረጉምልኛለች፣ "ደግሞ ጀመራት" የሚል ነገር ከራሷ እየጨመረች። ሐዋ ሰምታ ሰምታ፣ "በቆሎው ከኛ ተምሮ ይሆናል" አለች።

ነፋሱ ከሰሜን በሚነፍስባቸው ወራት ሰሜኑ ጫፍ ላይ እኔን አስቀመጡኝ። ዐይኔ ሩቅ ያያል፣ መኪናውም የሚመጣው በዚያ በኩል ነው። ዘይነብን ደቡብ ጫፍ፣ ከሐዋ ጎን፣ የማምለጫው መንገድ አፍ ላይ አደረግናት። እንግዲህ ካይኔ ርቃለች፤ ሚኒባስና ሰው መሐላችን ይገባል፣ አላያትም። ግን የኔ ሽታ ይደርሳታል ብዬ ተጽናናሁ። አራት ጊዜ አፍስሻለሁ። አራቱንም ጊዜ ማዮ ስደርስ ዘይነብ ቀድማኝ ገብታ እግሯን ታጥባ አገኘኋት።

ከደንበኞቼ አንዱ የፖሊስ መኮንን ነበር። ሱዳኖች መኮንን ሲያከብሩ "ጀናቦ" ይላሉ፤ እኔም ጀናቦ ነበር የምለው። ዝንጅብል የበዛበት ሻይ ይወዳል። ጨዋ ነው፣ ዐይኑን አያንከራትትም፣ ስለ ልጆቹ ትምህርት ያወራኛል። አንድ ቀን ብርጭቆውን ሲመልስልኝ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ነገ ረፋድ ላይ እንመጣለን። ከላይ የተያዘ ሰው ቁጥር ጠይቀውናል" አለኝ። "አንቺ ተቀመጪ፣ ማንም አይነካሽም። ውሃውን ብቻ ተይው።"

"የምን ውሃ?"

"ያ ሲት፣ የኔ እመቤት፣ እኔ እኮ አፍንጫ አለኝ።" ፈገግ አለ። "ኢቃማሽን በኔ ጣይው። ማህተሙን የሚመታው ሰው የእህቴ ባል ነው። ኸላስ፣ ተስማማን?"

"ኢንሻአላህ" አልኩት። ኢንሻአላህ እዚያ ሀገር እሺም ነው፣ እምቢም ነው፣ እንጃም ነው። እኔ እሺ ማለቴ ነበር።

ስለ ትል ስነግራችሁ አንድ ነገር አስቀርቻለሁ። ቅጠል በዐይን የማይታዩ ቀዳዳዎች አሉት፤ የሚተነፍሰው በእነሱ ነው፣ ሽታውም በእነሱ ይወጣል። አንዳንድ ትል ታዲያ ምራቁ ውስጥ እነዚያን ቀዳዳዎች የሚዘጋ ነገር ይዞ ይመጣል። ቅጠሉ እየተበላ ሽታው እንደሚገባው አይወጣም፤ ተርቧም ሳትሰማ ትቀራለች፣ ጎረቤትም ሳይሰናዳ ይያዛል። ያን ማታ እያሰብኩት የነበረው ይህንን ነው፤ ዐውቄዋለሁ፣ በስሙ ጠርቼዋለሁ። ለቅጠሉ ግን ማንም ኢቃማ አላቀረበለትም። እኔ ፈልጌ ነው የተዘጋሁት።

ደግሞ ዕድል የረዳኝ መሰለኝ፤ ያን ማታ ዘይነብን ወባ ጣላት። "ነገ አልወጣም፣ እትዬ" አለችኝ እየተንቀጠቀጠች። እንዴት እንደቀለለኝ ልነግራችሁ አልችልም። ጋቢዬን ደራረብኩላት፣ "ተኚ፣ እንዳትነሺ" አልኳት። ልንገራት ብዬ ነበር። ከነገርኳት ግን ለሐዋ ትነግራለች፣ ሐዋ ለሁሉም ትነግራለች፣ ኢቃማዬ ቀረ። ሳልነግራት ጎኗ ተኛሁ። ማሽላው ውስጥ ባንቺ የተነሣ ያጣሁት ማህተም ነው፣ አሁን መልሼ ልወስድ ነው፣ አልኩ በልቤ። ቂም ሆና ትመጣለች ያልኳችሁ ይህች ናት።

ጠዋት ስወጣ የቅመም ቆርቆሮዬን፣ ዝንጅብሉና ቀረፋው ያለበትን፣ ቤት ረስቼው ሄድኩ። ሐሳቤ ሌላ ጋ ነበር። ያለ ቅመም ሻይ አፈላሁ፣ ደንበኞች አጉረመረሙ።

ረፋድ ላይ ነጩ መኪና ብቅ አለ። ያየሁት እኔ ነኝ፤ ከሁሉም ቀድሜ፣ ከሩቅ። እጄ በልማድ ጆጉን አነሣ። ከሾፌሩ ጎን ጀናቦ ተቀምጧል፣ በመስታወቱ አየኝ። ሰሜኑ ነፋስ ደህና አድርጎ እየነፈሰ ነው፤ ባፈስ ኖሮ ሽታው ሐዋ ዘንድ ለመድረስ ያን ያህል አይፈጅበትም ነበር። ውሃውን በብርጭቆ ቀዳሁና ጠጣሁት። እስከ ታች ጠጣሁት። ጎኔ ያለችው ሴት "ጠማሽ እንዴ?" አለችኝ። መኪናው አልፎን ሄደ፣ እሷ ዞር ብላ ያየችው ከዚያ በኋላ ነው።

ጩኸቱ ከታች በኩል መጣ። አንገቴን ደፍቼ ፍሜን አራግባለሁ። መኪናው ዞሮ በኔ በኩል ሲመለስ ነው ቀና ያልኩት። ጭነቱ ላይ በርጩማና ምድጃ መሐል ሴቶች ተፋፍገው ቆመዋል። ኻልቲ ሐዋ አለች። ከጎኗ ዘይነብ አለች፣ ጋቢዬን ለብሳ። ትኩሳቱ በረድ ሲልላት ነው የመጣችው። ስታየኝ የቅመም ቆርቆሮዬን ከፍ አድርጋ አሳየችኝ፤ ይዤልሽ መጥቼ ነበር ማለቷ ነው።

ጀናቦ ጋ ሮጥኩ። ጣቢያው በር ላይ ሁለት ቀን ቆምኩ። በሁለተኛው ቀን ማታ ወጣና ያዘነ ፊት አሳየኝ። "ልጅቷ ያንቺ መሆኗን ለምን አልነገርሽኝም? ብትነግሪኝ አወርዳት ነበር እኮ" አለኝ። እሱ ዘንድ ነገሩ እንዲህ ቀላል ነበር። አንድ ሰው "ወደ ድንበር ጭነዋቸዋል" አለኝ፣ ሌላው "የሴቶች እስር ቤት ናቸው" አለኝ፣ እስር ቤቱ ደግሞ በዚህ ስም ሰው የለም አለኝ። በወረቀት አልገባችም።

ሐዋ በሦስተኛው ቀን ተለቀቀች። ቤቷ ሄድኩ። አላስገባችኝም፣ ደጃፏ ላይ ቆማ ነገረችኝ።

"ልቤ ፈርቶ ነበር። ሰው ሲሯሯጥ አየሁና 'ያላ፣ ተነሺ' አልኳት። 'ኻልቲ፣ አትደንግጪ' አለችኝ። 'ሽታው አልመጣም። ከሻ ቢሆን እትዬ ታፈስ ነበር' አለችኝ። እኔም አመንኳት፣ ተቀመጥኩ።"

ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታኝ ገባች።

በማግስቱ ምድጃዬን ይዤ ሄድኩ፤ ምን ላደርግ፣ ሌላ ምን ቦታ አለኝ? ሰሜኑ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ፣ ከሰሌን አያያዝኩ። ሐዋ ከታች አየችኝ። ጆጓን አነሣችና ውሃውን የገዛ ፍሟ ላይ አፈሰሰችው። ቀጥሎ ያለችው ሴት አፈሰሰች። ቀጥሎ ያለችውም። መንገዱ ላይ መኪና የለም፣ ፖሊስ የለም። አንድ በአንድ እስከ እኔ ጎን ድረስ አፍስሰው በርጩማቸውን ሰብስበው ሄዱ። ነፋሱ ከኔ ወደ እነሱ ስለሆነ ሽታው ወደ እኔ አልመጣም። ጢሱን ብቻ አየሁት።

ኢቃማው በሁለት ሳምንት ወጣ። ስሜ፣ ፎቶዬ፣ ማህተሙ፣ ሁሉም በቦታው ነው። ብዙም ሳይቆይ ጦርነቱ ካርቱም ራሷ ላይ መጣና ማህተሙን የመታው ቢሮም፣ ማህተሙን የሚጠይቀውም ተበተነ። እስር ቤቶቹ ተከፈቱ ሲባል በተኩስ መሐል ደጃፍ ደጃፍ ሄጄ ፈለግኳት። ካርቱም ሁለት የሚሉትን ሰፈር አቋርጬ ስሄድ ጥላ የሚሆኑን የነበሩት የኒም ዛፎች በጥይት ተልጠው ነበር። አላገኘኋትም። ገዳሪፍ ሸሸሁ፣ ውጊያው ከከተማው ሲርቅ ተመለስኩ። "ለምን ተመለስሽ?" ይሉኛል የሀገሬ ልጆች። ዘይነብ ብትመጣ የምታውቀው ማዮን ነው፣ ጆንያ ያለበትን ክፍል ነው። ዐም ሙሳ ሞቷል፤ ክፍሉ ዛሬም በር የለውም። ሻይ እሸጣለሁ። ግንቡ ሥር ብቻዬን ነኝ፣ ባፈስም የሚሸተው ሰው የለም። ሐዋ የት እንዳለች አላውቅም።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ለምታነቡ ነው። እትዬ ፋጡማ አታነብም። ለሷ የነገርኳት "ድንገት ደረሱብን" ብዬ ነው። ከሐይቅ ይህን ያነበበ ሰው ካለ ሄዶ ይንገራት፤ እኔ ስንት ጊዜ ደውዬ አልቻልኩም።

ባለፈው ሰሞን ኔትወርክ ተገኝቶ ደወልኩላት። ድምፅዋ ሩቅ ነው። ጤናዬን ጠየቀችኝ፣ ተኩሱን ጠየቀችኝ፣ "ወሬ የለም?" አለችኝ። የለም አልኳት። ከዚያ፣

"አስኑ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ እንዳይከፋሽ" አለችኝ። "ዘይኑ ስትደውልልኝ ስለዚያ ስለምታፈሱት ውሃ ትነግረኝ ነበር። 'እማ፣ እትዬ ጫፍ ላይ ናት፣ እሷ እስካላፈሰሰች ድረስ እኔ አልፈራም' ትለኛለች። የዚያን ቀን ምን ሆነሽ ነው?"

ጆጉ እግሬ ሥር ነበር፣ እስካፉ ሞልቶ።

"ውሃ አልቆብኝ ነበር፣ እትዬ" አልኳት።

"አዬ ልጄን! ውሃ እንኳ የማይገኝበት ሀገር ሰድጄሽ!" አለችና፣ ለእኔ አለቀሰችልኝ።